ማኅበራዊ ትስስርና የጉልት ንግድ

በየአጥቢያችን ቅጥር ዙሪያ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጧፍና ዕጣን ዘርግተው የሚነግዱ እናቶች ለባንክ ብድር መያዣ የሚሆን ንብረት የላቸውም። መነሻ ገንዘባቸው የሚገኘው ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከሰንበቴና ከዕቁብ ነው። ስለዚህ ንግዳቸውን ልንረዳ ከወደድን ከሸቀጡ አስቀድመን ትስስራቸውን ልንመረምር ይገባናል።

ዕቁብን እንመልከት። 20 አባላት በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣላት 10,000 ብር ታነሣለች። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሳት ያለ ወለድ እንደተበደረች ትቆጠራለች፤ በ20ኛው ሳምንት የምታነሣው ግን ለሌሎች ስታበድር ሰንብታ የገዛ ገንዘቧን ትቀበላለች። በዚህ መካከል ገበያው ከተወደደ ያው 10,000 ብር የሚገዛው ሸቀጥ ያንሳል።

ዕቁቡን የሚያጸናው ይሉኝታና ዋስ ነው። ዕጣዋን ያነሣች አባል ቀሪውን እንደምትጥል ዋስ ታቀርባለች። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ ከቀዬዋ ተፈናቅላ በቅርቡ ወደ አጥቢያው የመጣች እናት ማን ይዋሳታል? ለነባሮቹ በር የሚከፍተው መተዋወቅ እርሷን ከደጅ ያስቀራታል።

ነባሮቹም ቢሆኑ ከጉዳት ነጻ አይደሉም። ዱቤ የጠየቀ ጎረቤት እምቢ አይባልም፤ ለቅሶና ክርስትናም መዋጮ ይፈልጋሉ። በዚህ መንገድ የነገ መግዣ የሆነው ገንዘብ ዛሬ ያልቃል። ሌላም አለ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ስለ ሥራ አዲስ ወሬ የሚደርሰን ከቅርብ ወዳጆቻችን ይልቅ በሩቅ ከምናውቃቸው ሰዎች መሆኑን አስረድቷል። እርስ በርስ ብቻ የሚተዋወቁ ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ሸቀጥ ይዘው ጎን ለጎን መቀመጣቸው በዚህ ዓይን ሲታይ አያስገርምም።

ሰበካ ጉባኤያት የቁጠባ ቡድን ሲያደራጁ የተለመደው ጥሪ በዐውደ ምሕረት ማሳወቅና የመጣውን መመዝገብ ነው። እኛ ይህ አይበቃም እንላለን፤ ቀድሞ የሚመጣው ቀድሞ የተሳሰረው ነውና። በመጀመሪያ በየትኛውም ዕድርና ዕቁብ ያልገቡት ይፈለጉ። ለእነርሱም ቡድኑ በጋራ ዋስ ይሁን፤ መዋጮው በአነስተኛ መጠን ይጀምር፤ ለኀዘንና ለሕመም የሚውለው ገንዘብም ከንግዱ ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ። ካህናት ግን ዋስ ወይም ዕዳ ሰብሳቢ ባይሆኑ ይመረጣል። የንስሐ አባት ስለ አንዲት ቤት ችግር በንስሐ የሰማው ፈጽሞ ወደ ኮሚቴው ጠረጴዛ ሊደርስ አይገባም፤ ዕዳ ያለባት እናት ካህኑን ስታይ መንገድ የምትቀይር ከሆነም ከቤተ ክርስቲያን መራቋ አይቀርም።