ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ከቀረ አትራቁ

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ በቅርቡ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፤ አብዛኞቹ የኤቲኤም ካርድ ይዘው አያውቁም። ምን ላስተምራቸው?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ከሁሉ አስቀድመው «ልርዳህ» የሚልን እንግዳ ሰው እምቢ ማለትን ያለማምዷቸው። ካርድ ለመስረቅ የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ ግራ ሲጋባ ከኋላው የቆመ ሰው ጠጋ ይላል፤ ካርዱን ተቀብሎ ያስገባለታል፤ የሚስጥር ቁጥሩን አጠገቡ ሆኖ ያያል፤ ሲመልስለት ግን የሚሰጠው የሌላ ሰው ካርድ ነው። መልኩ አንድ ስለሆነ ልጁ ልብ አይልም። ታላቅን አክብሮ ያደገ ልጅ ደግሞ እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ በድራማ ያሠሯቸው። አንዱ ረዳት መስሎ ይቅረብ፣ ሌላው ካርዱን ሳይለቅ «አመሰግናለሁ፣ ራሴ እሠራዋለሁ» ይበል። ቃሉ አፋቸው ላይ እስኪለምድ ይደጋግሙት።

ባለ 4 አሃዝ የሚስጥር ቁጥር 10,000 አማራጭ አለው፤ የልደት ዓመቱን የመረጠ ልጅ ግን ለሌባው ሥራውን አቅልሎለታል። ቁጥሩን ሲነኩ በሌላው እጃቸው ይከልሉት፤ ካርዱ ላይ አይጻፉት፤ ከባንክ ነኝ ብሎ ለሚደውልም አይንገሩት።

ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ከቀረ ከቦታው ሳይርቁ ወደ ባንካቸው ደውለው ያዘጉት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቁጥር 951 ነው። ሌላ ባንክ የሚጠቀሙት የራሳቸውን ባንክ ቁጥር ይጠይቁ፤ እባክዎ ከመሄዳቸው በፊት ሁሉም ስልካቸው ላይ መመዝገባቸውን ያረጋግጡ።