ጆሯችን የሰማው ወይስ አእምሯችን የገመተው?

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ዘፈን ሲከፈት አብሮ የማያንጎራጉር የለም። እስቲ ያንን ግጥም ለየብቻችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና አስተያዩት። እኔ ሲኤምሲ አካባቢ ከአንድ የፀረ ኤድስ ክበብ ልጆች ጋር ሞክሬዋለሁ። አንዷ የሴት ስም ብላ የጻፈችውን ሌላው ግሥ አድርጎታል። ሁለቱም ‹‹እኔ ነኝ ልክ!›› ብለው ድርቅ አሉ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሲልቪያ ራይት የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በልጅነቷ በሰማችው የስኮትላንድ ግጥም ውስጥ፣ የተገደለው መስፍን ሣር ላይ መጋደሙን የሚገልጸውን ሐረግ ‹‹ሌዲ ሞንድግሪን›› የምትባል ሴት አብራው የሞተች አድርጋ ሰምታው ነበር። ይህንን በ1954 እ.ኤ.አ. ከጻፈች ወዲህ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ስሕተት ሞንድግሪን ይሉታል።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቃላችን ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለወጣል። ‹‹ይሰማል›› ሲላላ ሌላውን የሚያዳምጥ ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ድምፁ ለሌላው የሚደርስ። ዜማ ቃሉን እንደልቡ ሲጎትተው ይህ ልዩነት ይደበዝዛል። ያኔ አእምሯችን የጎደለውን በለመደው ወይም በጠበቀው ነገር ይሞላዋል።

በዘፈን ሲሆን ያስቃል። ‹‹ኤች.አይ.ቪ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በትንኝ ንክሻ አይተላለፍም›› በሚል ትምህርት ላይ ሲሆን ግን አያስቅም። ከሳምንት በኋላ አንዱ ‹‹በትንኝ ይተላለፋል ተብለን የለ እንዴ?›› ይላል። አማርኛ ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዝርዝሩ ሁሉ ከኤች.አይ.ቪ ስም ጋር ተጣብቆ ጆሮ ውስጥ ከገባ በኋላ ‹‹አይ›› ብትመጣ፣ ያውም ደወል ተደውሎ ወንበር ሲንኳኳ፣ ማን ይሰማታል? እንደኔ ከሆነ አስተማሪው ‹‹በእነዚህ አይተላለፍም›› ብሎ ቢጀምር ይሻላል።

ፍርሃትም ጆሮ ይደፍናል። ‹‹ውጤትህ ነጻ ነው፤ በቅርቡ ተጋልጠህ ከሆነ ግን ከ3 ወር በኋላ ድጋሚ ተመርመር›› የተባለ ልጅ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ይወጣል። ‹‹ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሷል›› ሲባልም ‹‹ድናለች›› ብሎ የሚሰማ አለ። መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች በዚህ ደረጃ ላይ የቆየች ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አታስተላልፍም፤ ቫይረሱ ግን ከሰውነቷ አልጠፋምና መድኃኒቱን ማቋረጥ የለባትም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በክበባችን የምንለማመደው እንዲህ ነው። ሁለት ሁለት ሆነን አንዱ ለ2 ደቂቃ ያወራል፤ የማንም ስም አይጠራም። አድማጩ አያቋርጥም፣ አይመክርም። ሲጨርስ ‹‹ያልከው እንዲህ ነው፤ ልክ ነኝ?›› ይላል። ተናጋሪው ‹‹አዎ›› ካላለ እንደገና ነው። ቀላል ይመስላል፤ አብዛኞቹ ግን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ምክር ይጀምራሉ፤ መምከር እንወዳለና!

አንድ ቀን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ጓደኛዋ አወራች። አድማጯ ‹‹ጓደኛሽ ታማለች ነው ያልሽው፤ ልክ ነኝ?›› አላት።

‹‹ታማለች አላልኩም። ልትመረመር ነው ያልኩት።››

ልጁ ዝም አለ። ቀጥሎ ‹‹እሺ፣ ልትመረመር ነው። ከዚያስ?›› አላት። እሷም እስከዚያ ድረስ ያልነገረችውን መናገር ጀመረች።