የአባቶች መቃብርና የሟች አደራ

በኦሪት ዘፍጥረት የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ ሞት ብቻውን አይወሳም። የት እንደተቀበሩ፣ ማን እንደቀበራቸው፣ ቦታውም ከማን እንደተገዛ አብሮ ይነገራል። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ታሪክ መዝጊያ ቆጥሮ ያልፈዋል። ነገር ግን አባቶች በተስፋው ቃል ምን ያህል እንደታመኑ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ሣራ በ127 ዓመቷ በኬብሮን ስታርፍ አብርሃም የሚቀብርበት መሬት አልነበረውም። እግዚአብሔር ምድሪቱን ለዘሩ እንደሚሰጥ ቃል ከገባለት ብዙ ዘመን አልፏል፤ እሱ ግን ገና መጻተኛ ነበር። ስለዚህ የኬጢን ልጆች የማክፌላን ዋሻ እንዲያስገዙት ለመነ። ባለቤቱ ኤፍሮን በነጻ እንዲወስደው ቢጋብዘውም አብርሃም እሺ አላለም፤ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። እርሻው፣ ዋሻውና በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሁሉ በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ርስቱ ሆነው ጸኑ። በስጦታ የተያዘ መሬት ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ሊነሣበት ይችላል፤ በምስክር ፊት የተገዛ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ዘፍጥረት እንደሚተርከው አብርሃም በከነዓን በብር የገዛው መሬት ይህ የመቃብር ቦታ ብቻ ነው።

አብርሃምን በዚያ ዋሻ የቀበሩት ይስሐቅና እስማኤል ናቸው። ይስሐቅንም ዔሳውና ያዕቆብ አብረው ቀበሩት። ተለያይተው የኖሩ ወንድማማቾች በአባታቸው ቀብር ላይ ተገናኙ።

ያዕቆብ በግብፅ ሳለ የሞቱ ጊዜ ሲቃረብ ልጁን ዮሴፍን አስጠርቶ እጁን ከጭኑ በታች አድርጎ እንዲምልለት ጠየቀው። አደራው በግብፅ እንዳይቀብረው፣ ይልቁንም ወደ አባቶቹ መቃብር እንዲወስደው ነበር። በኋላም ልጆቹን ሁሉ ሰብስቦ በዋሻው ያረፉትን በየስማቸው ቆጠረላቸው፤ አብርሃምና ሣራ፣ ይስሐቅና ርብቃ፣ እሱ ራሱ የቀበራት ሚስቱ ልያም። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ያዕቆብ አብልጦ የሚወዳት ራሔልን ነበር። እሷ ግን በወሊድ ሞታ ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀብራለች። ያዕቆብ ከእሷ አጠገብ ቅበሩኝ አላለም። የመረጠው አያቱና አባቱ፣ የተስፋው ቃል ተቀባዮች፣ ያረፉበትን ዋሻ ነው። ዮሴፍም ከፈርዖን ፈቃድ ጠይቆ በ147 ዓመቱ የሞተውን አባቱን ወደ ከነዓን ወስዶ ቀበረው።

የዮሴፍ የራሱ ኑዛዜ ግን ከአባቱ ይለያል። በ110 ዓመቱ ሲሞት አሁኑኑ ውሰዱኝ አላለም። እግዚአብሔር ሕዝቡን ጎብኝቶ ከግብፅ በሚያወጣበት ቀን አፅሙን ይዘው እንዲወጡ የእስራኤልን ልጆች አማላቸው። እስራኤል በባርነት ሲማቅቁ የዮሴፍ አፅም በዚያው በግብፅ ነበር። ሙሴ ሲወጣ ይዞት ወጣ፤ በመጨረሻም ያዕቆብ ከኤሞር ልጆች በገዛው እርሻ፣ በሴኬም ተቀበረ። ያዕቆብ ወደ አባቶቹ መመለስን ለመነ፤ ዮሴፍ ደግሞ ገና ላልተወለዱ ትውልዶች አደራ ሰጠ።

ከአባቶች ጋር የመቀበር ልማድ በነገሥታቱ ዘመንም ይታያል። ገለዓዳዊው ቤርዜሊ በ80 ዓመቱ ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲጋብዘው፣ በአገሩ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞትን መረጠ። ዳዊትም እሱን ያሳድደው የነበረውን የሳኦልን አፅም ከልጁ ከዮናታን አፅም ጋር አስመጥቶ በሳኦል አባት በቂስ መቃብር አስቀበረ። በይሁዳ ምድር ከአለት ተፈልፍለው የተገኙት የቤተሰብ መቃብሮችም ይህንኑ ያሳያሉ። ሟቹ በአለቱ መደብ ላይ ይጋደማል፤ ሥጋው ከፈረሰ በኋላ አፅሙ ከቀደሙት አፅም ጋር በአንድ ጉድጓድ ይከማቻል፤ መደቡም ለሚቀጥለው ሟች ይለቀቃል።

እንግዲህ የሟች ቃል ፍጻሜ የሚያገኘው በሕያዋን ታማኝነት ነው፤ ሟች ራሱን መቅበር አይችልምና። ዘፍጥረት 23ንና 50ን አስከትላችሁ አንብቡ። አንዱ መሬቱ እንዴት እንደተገዛ፣ ሌላው አደራው እንዴት እንደተጠበቀ ያስተምራሉ።