በድንገተኛ የልብ መቆም ሕክምና የመድኃኒት ድርሻና ወሰን፦ ከሐርላ ርቀት አንጻር

መግቢያ

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው በጥንታዊ የንግድ ከተማ ፍርስራሿ ቢሆንም፣ በዚህ ጽሑፍ የተመረጠችው በርቀቷ ምክንያት ነው። በመንደሯ የአንድ ሰው ልብ በድንገት ቢቆም፣ ከከተማው ወዲያው የተነሣ አምቡላንስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ እንኳ ለመድረስ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደም የተቋረጠበት አንጎል ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ «የትኛው መድኃኒት ይሰጥ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «መድኃኒቱ እስኪደርስ ምን ይደረግ?» የሚለው ሊመለስ ይገባል።

የመድኃኒቶቹ አሠራር

ለዚህ ሕክምና ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን ነው። ለአዋቂ ሰው 1 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ በየ3 እስከ 5 ደቂቃውም ይደገማል። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን በማጥበብ ደረት በሚጫንበት ጊዜ ወደ ልብ ጡንቻ የሚደርሰውን ደም ይጨምራል። በአንጻሩ የልብን የኦክስጅን ፍላጎት ከፍ ያደርጋል፤ በአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ዝውውርም ሊቀንስ ይችላል።

የታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች ያለ ሥርዓት ሲርገበገቡና በዲፊብሪሌተር የተደገመ የኤሌክትሪክ ንዝረት አልመልሳቸው ሲል፣ አሚዮዳሮን 300 ሚሊ ግራም፣ ቀጥሎም 150 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ሊዶኬይንም በአማራጭነት ያገለግላል። ቀድሞ ይዘወተር የነበረው አትሮፒን እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች መደበኛ ቅደም ተከተል ወጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ልቡ በቆመ ሰው ክንድ ላይ የተወጋ መድኃኒት በራሱ ወደ ልብ አይሄድም፤ የሚያደርሰው ደረት የሚጫነው እጅ ነው። ያለ ደረት መጫን መድኃኒቱ በተወጋበት ክንድ ይቀራል።

የምርምር ማስረጃ

በአድሬናሊን ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ጉልህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ከእንግሊዝ የታተመው ነው። ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው የቆመ 8014 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ አድሬናሊን፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጣቸው። እስከ 30 ቀን በሕይወት የቆዩት አድሬናሊን ከተሰጣቸው 3.2 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 2.4 በመቶ ሆኑ። ይሁን እንጂ አንጎላቸው በደኅና ሁኔታ ላይ ሆኖ ከሆስፒታል የወጡት 2.2 እና 1.9 በመቶ ስለነበሩ ልዩነቱ አሳማኝ አልሆነም። በሕይወት ከተረፉት መካከል ከባድ የአንጎል ጉዳት የታየባቸው ግን 31 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን 17.8 በመቶ ነበሩ። በአጭሩ፣ መድኃኒቱ ልብን ይመልሳል፤ አንጎልን ግን በዚያው መጠን አይመልስም።

የጥናቱ ጸሐፊዎች ያቀረቡት ንጽጽር ለእኛ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። የአንድ ተጨማሪ ሰው ሕይወት ለማትረፍ አድሬናሊን ለ112 ሰዎች መሰጠት አለበት። በአካባቢው ያለ ሰው ደረት ቢጫን ይህ ቁጥር ወደ 15፣ የልብን መቆም በጊዜ መለየት ሲቻል ወደ 11፣ በቶሎ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲሰጥ ደግሞ ወደ 5 ዝቅ ይላል። በዚያው ጥናት አምቡላንስ በ7 ደቂቃ ገደማ ይደርስ ነበር፤ መድኃኒቱ የተሰጠው ግን ጥሪው ከተደረገ ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። አምቡላንሱ በቶሎ በደረሰበት አገር መድኃኒቱ ይህን ያህል ከዘገየ፣ በሐርላ ርቀት ላይ የበለጠ መዘግየቱ አያጠራጥርም።

መንስኤውን ማከም

አድሬናሊን ልብን ያቆመውን ምክንያት አያስወግድም። በወሊድ ጊዜ ደም ፈስሷት ልቧ የቆመ እናት የሚያስፈልጋት የደሙ መገታትና የደም ምትክ ነው፤ ከውኃ የወጣ ሕፃን አስቀድሞ የሚያሻው ትንፋሽ ነው። በኩላሊት ድካም ፖታስየም በደሙ ውስጥ ከመጠን በላይ ለጨመረበት ሰው ካልሲየም ይሰጣል። ስለዚህ ባለሙያው መርፌውን እያዘጋጀ መንስኤውንም ሊጠይቅ ይገባል።

ለሐርላና ለመሰሎቿ ያለው አንድምታ

ከላይ የቀረበው ማስረጃ አድሬናሊን ይቅር አያሰኝም። በተለይ በኤሌክትሪክ ንዝረት በማይመለስ የልብ መቆም ጊዜ በተቻለ ፍጥነት መሰጠት አለበት፤ ለከባድ የሰውነት መቆጣትም ሕይወት አዳኝ ነው። የሚያስረዳው የቅደም ተከተልን ጉዳይ ነው። ውስን በጀት በመጀመሪያ ሊውል የሚገባው በሥልጠና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያዎችን አስቀምጧል። እነርሱ፣ መምህራንና አሽከርካሪዎች ራሱን ስቶ በትክክል የማይተነፍስን ሰው መለየትን፣ እርዳታ መጥራትን፣ እንዲሁም የደረትን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መጫንን ሊማሩ ይችላሉ። ለዚህ መርፌም ማቀዝቀዣም አያስፈልግም። ዲፊብሪሌተር ከከተማው ሆስፒታሎች አልፎ ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲደርስ ማድረግ ሁለተኛው እርምጃ ነው።

ማጠቃለያ

መድኃኒት በልብ መቆም ሕክምና ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ከእጅና ከኤሌክትሪክ ንዝረት ቀጥሎ ነው። በሐርላ የወደቀ ሰው ዕድል የሚወሰነው ከድሬዳዋ በሚመጣው ሣጥን ውስጥ ባለው አምፑል ሳይሆን፣ አምፑሉ እስኪደርስ አጠገቡ ተንበርክኮ ደረቱን በሚጫነው ጎረቤት ነው።