ማር በጀሪካን ሲገዛ ሚዛኑ ምን ይናገራል?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሁለቱን የአዊ ዞን የገበያ ከተሞች፣ እንጅባራንና ዳንግላን ያገናኛል። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲረግፍ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ የገጠሩ ማር ወደ ገበያ ይወጣል። ከአምራቹ እጅ በቀጥታ ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ የኪሎውን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ማወቅ የሚገባው ነገር አለ።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በ2000 ዓ.ም. ማሯ ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ እንዲገባ ተፈቅዶላታል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ምርት አሁንም የሚውለው ለጠጅ ነው። ጠጅ ጣይ ደግሞ ማሩን ከነሰፈፉ ስለሚገዛ አምራቹ አጣርቶ እንዲሸጥ የሚገፋፋው የለም።

የመጀመሪያው ስሌት ይህ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኩንታል ያልተጣራ ማር በኪሎ 300 ብር ቢገዛ 30 ሺህ ብር ይወጣል። ተጣርቶ 80 ኪሎ ቢቀር የአንዱ ኪሎ እውነተኛ ዋጋ 375 ብር ሆነ ማለት ነው። ሰፈፉ ተሽጦ ጥቂት ይመልሳል፤ የማጣሪያና የጉዞ ወጪ ግን ገና አልተጨመረም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በማር ውስጥ ያለው ውሃ በጥቅሉ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ ሲያልፍ ማሩ ይቦካል። ይህን በሚዛን መገመት ይቻላል። ባዶውን ጀሪካን መዝኑ፤ ውሃ ሞልታችሁ እንደገና መዝኑና ልኩን ምልክት አድርጉበት። በደንብ ካደረቃችሁት በኋላ አረፋው የሰከነ የተጣራ ማር እስከዚያው ምልክት ሙሉበት። ውሃው 20 ኪሎ ከነበረ ማሩ ከጀሪካኑ ክብደት ውጭ ወደ 28 ኪሎ ሊመዝን ይገባል። 27 ኪሎ ቢሆን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ገብቶበታል ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል።

ሚዛን የማይደርስበት ማጭበርበር ግን አለ። የስኳር ሽሮፕ ክብደቱ ለማር ስለሚቀርብ የሚለየው በላቦራቶሪ ነው። ማር መርጋቱም ማስረጃ አይሆንም፤ ንጹሕ ማርም በደጋ ብርድ ይረጋል።

ሦስተኛው የምንጩ ጉዳይ ነው። ከአንድ ባህላዊ ቀፎ በተለምዶ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ብቻ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ኩንታል የሚሞላው ከ13 እስከ 20 ከሚደርሱ ቀፎዎች ነው። ደላላው የብዙ ሰው ማር በአንድ ዕቃ ሲቀላቅል የአንዱ ጥፋት የሁሉንም ያበላሻል። በቀጥታ ወይም በማኅበር የሚገዛ ነጋዴ በየጀሪካኑ የባለቤቱን ስምና የተቆረጠበትን ቀን ይጻፍ። ዕቃውም ላምባ ወይም ዘይት ያልነካው ይሁን።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የዋጋ አሰጣጡ ነው። ንቦቹ በሰም የደፈኑት ማር የበሰለ ነው፤ ያልተደፈነው ውሃው ይበዛል። ለሁለቱም አንድ ዋጋ የሚከፍል ገዥ አናቢውን ሳያስበው "ፈጥነህ ቁረጥ" እያለው ነው። ቀፎው ሳይከፈት ተነጋግሮ፣ ለበሰለው ጭማሪ ቆርጦ፣ መዝኖ በእጅ መክፈል ይሻላል። ጭማሪው ውድ ቢመስልም የቦካ ጀሪካን ከመጣል ይረክሳል፤ አናቢውም ለከርሞ ማሩን ይዞ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ደንበኛ ነው።