«ሹድ» ሲባል ምን ያህል ግዴታ ነው?



አብዛኞቻችሁ እንግሊዝኛን ከእኔ በተሻለ ትናገራላችሁ። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ቃሉን ከባዶ ለማስተማር አይደለም። ቃሉን ወደ ቤት ስታመጡት፣ ማለትም ለእናትና ለአባት በአማርኛ ስታስረዱ፣ ምን እንደሚደርስበት ለማሳየት ነው። ቃሉ «ሹድ» ነው፤ በየዕለቱ ወሬ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ረዳት ግስ።

ይበልጥ ከሚያሳስበኝ ልጀምር። ረመዳን ሊገባ ሲል ስኳር ያለባት እናት ልጇን አስከትላ ሐኪም ዘንድ ሄደች እንበል። ሐኪሙ ውጤቷን ያይና «ዩ ሹድ ኖት ፋስት» ይላል። ልጁም ዞር ብሎ «እማ፣ መጾም የለብሽም ይልሻል» ይላታል። ትርጉሙ ስሕተት ነው አይባልም። ግን በአማርኛ «የለብሽም» ሁለት ፊት አለው። አንዱ «እንዳትጾሚ» ነው። ሌላው «ግዴታ የለብሽም» ነው፤ «ዕዳ የለብሽም» እንደምንለው። እናት ሁለተኛውን ሰምታ «ግዴታ ባይሆንብኝም አላህ አቅሙን ከሰጠኝ እጾማለሁ» ብትል ማን ይፈርድባታል? ሐኪሙ ግን አደጋ አለው ማለቱ ነበር። በእንግሊዝኛ እነዚህ ሁለቱ አይምታቱም፤ ግዴታ ለሌለበት ነገር «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ» ይባላል።

ስለዚህ ለእናት የሚነገራት «ዶክተሩ እንዳትጾሚ እያለሽ ነው፤ ከጾምሽ ስኳርሽ በጣም ሊወርድ ወይም ሊወጣ ይችላል» ነው። ልጁ ከዚያ በፊት ሐኪሙን አንድ ነገር ቢጠይቅ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፦ ይህ ምክር ነው ወይስ ክልከላ? ብዙ ሐኪሞች በሽተኛውን ላለማስደንገጥ ለዘብ አድርገው «ሹድ» ይላሉ፤ በልባቸው ያለው ግን «መስት» ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት በሚሰጥ ወረቀት ላይ «መብላት የለብዎትም» የሚለው በ«ሹድ ኖት» ተጽፎ ብታገኙት ምርጫ የተሰጣችሁ እንዳይመስላችሁ። የጾሙን ሸሪዓዊ ጎን ዓሊሞችን ጠይቁ፤ ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ በሱረቱል በቀራህ 184 እና 185 ላይ አለ። እኔ የማወራው ስለ ግሱ ነው።

ግሱ ከየት መጣ? «ሹድ» የ«ሻል» የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነበር፤ «ሻል» ደግሞ በጥንታዊ እንግሊዝኛ መነሻ ትርጉሙ «ዕዳ አለብኝ» ነበር። ጀርመን ያላችሁ ዘመዱን ታውቁታላችሁ፤ «ሹልት» ዕዳም ነው፣ ጥፋትም ነው። ስዊድን ያላችሁም «ስኩልድ» የሚለውን ትሰማላችሁ። «ኦት ቱ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ዕዳ መኖርን ከሚገልጸው «ኦው» የወጣ ነው። አሁን አማርኛውን ተመልከቱ፦ «መቶ ብር አለብኝ»፣ «መሄድ አለብኝ»። ያው አንድ ቃል ነው። ዐረብኛውም እንዲሁ ነው፤ «ዐለይሂ ደይን» ማለት ዕዳ አለበት ማለት ሲሆን በዚያው በ«ዐለይሂ» ግዴታም ይነገራል። በሰላምታችን ውስጥ ያለው «ዐለይኩም» እንኳ ይኸው «በላያችሁ» የሚለው ቃል ነው፤ እዚያ ግን የሚወርደው ሰላም እንጂ ዕዳ አይደለም።

ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። እንግሊዝኛው «ሹድ» ከጊዜ ብዛት ላልቶ ወደ ምክር ተጠጋ፤ ጠንካራውን ሥራ «መስት» ያዘው። አማርኛው «አለበት» ግን ጠንካራውንም ለስላሳውንም በአንድነት ተሸክሞ ቀረ። ስለዚህ ስትተረጉሙ ለስላሳውን «ብትሄድ ይሻላል» ወይም «ብትሄድ ጥሩ ነው»፣ ጠንካራውን «የግድ መሄድ አለብህ» ብላችሁ ለዩት።

በእኔ ሙያ ይህ ልዩነት በጽሑፍ ተወስኖ የተቀመጠ ነው። እኛ መሐንዲሶች በአንድ ቃል ሳንግባባ ቀርተን ሁለት መሣሪያዎች እንዳይናበቡ እንፈራለን። በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2119 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ ቃላቱን በአምስት ደረጃ ከፍሏቸዋል፦ «መስት»፣ «መስት ኖት»፣ «ሹድ»፣ «ሹድ ኖት» እና «ሜይ»። መድረሳ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ዋጂብ፣ ሐራም፣ ሙስተሐብ፣ መክሩህ፣ ሙባሕ። ፊቅህ የራሱ ሚዛን አለው፤ ንጽጽሩ የቃላቱን ጥንካሬ ለማስታወስ ብቻ ይሁንላችሁ። በሰነዱ መሠረት «ሹድ» የተባለውን ነገር ላለመፈጸም በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ግን የሚተወው ሰው መዘዙን አስቀድሞ መመዘን አለበት። እንደ ቀልድ የሚታለፍ ምክር አይደለም ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የምታጠኑም ይህንኑ በሃይዌይ ኮድ ውስጥ ታገኙታላችሁ። «መስት» የተባለበት ደንብ ሕግ ነው፤ መጣሱ ያስቀጣል። «ሹድ» የተባለበትን መተላለፍ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ አደጋ ደርሶ ፍርድ ቤት ከቀረባችሁ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማሳየት ሊጠቀስባችሁ ይችላል። አባት የፈረሙት የኪራይ ውል ላይ «ሻል» የሚል ካያችሁ ደግሞ እንደ «መስት» አንብቡት። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የግልጽ አጻጻፍ መመሪያ ራሱ «ሻል»ን ትታችሁ «መስት» ጻፉ የሚለው ቃሉ ስለሚያደናግር ነው።

ግዴታም ምክርም ያልሆኑ አገባቦችም አሉ። «ዕቃው ሐሙስ ሹድ አራይቭ» ሲባል ግምት ነው፤ ሐሙስ ካልመጣ ቃል አልተሰበረም። አማርኛውም «እስካሁን ደርሶ መሆን አለበት» እያለ ይገምታል። ደብዳቤ መጨረሻ ላይ የምትገኘው «ሹድ ዩ ሃቭ ኤኒ ክዌስቸንስ» ደግሞ «ጥያቄ ካለዎት» ማለት ብቻ ነች። «ጥያቄ ሊኖርዎት ይገባል» ብላችሁ ከተረጎማችኋት አባት ጥያቄ ፍለጋ ሲጨነቁ ያመሻሉ።

«ዩ ሹድ ሃቭ ቶልድ ሚ» የሚለው ግን ወቀሳ ነው፦ «ልትነግረኝ ይገባ ነበር»። «መንገር ነበረብህ» ብትሉም ያስኬዳል፤ ብቻ ይኸኛው «ያኔ ግዴታህ ነበር» ተብሎም ሊሰማ ስለሚችል፣ ለታላላቆች ስታስተላልፉ «ብትነግሪው ኖሮ ጥሩ ነበር ይላል» ማለቱ ለጆሮ ይቀላል።