የአሠራር ቅደም ተከተልን መጻፍ፦ ጎማ ሲተነፍስ

የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«ጎማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለውጥ ሰው መኪናውን ከደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ይያዝ፤ ከተነፈሰው ጎማ በሰያፍ ለሚገኘው ጎማም ድንጋይ ያስደግፍ። መኪናውን በክሪክ ከማንሣቱ በፊት ብሎኖቹን በመጠኑ ያላላ። መኪናው ከተነሣ በኋላ ጠባቂ ብሎን ልፍታ ቢል ጎማው አብሮ ሊዞርበት ይችላል፤ ሲታገለውም መኪናው ከክሪኩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቅያሪውን ጎማ አግብቶ ብሎኖቹን ካስያዘ በኋላ መኪናውን አውርዶ በሰያፍ እያፈራረቀ ያጥብቃቸው።»

«ከማንሣቱ በፊት» የሚለው ሐረግ «ካነሣ በኋላ» ተብሎ ቢጻፍ ዐረፍተ ነገሩ ከሰዋስው አንጻር ስሕተት የለበትም፤ ጽሑፉን አምኖ የሚሠራው ሰው ግን ይጎዳል።

መልመጃ፦ ጊዜ አመልካች ሐረጎችን ከአንቀጹ አውጥታችሁ ጻፉ፤ ቦታቸው ቢለዋወጥ በሥራው ላይ የሚደርሰውን ለውጥ አስረዱ።